ለአንድ ባሬላ ሁለት ዋጋ

«ባሬላ የያዛችሁ ከስር ውጡልኝ። ሸክም ላሳልፍ ነው።»

ድምፁ የወጣው የክሬኑ ምልክት ሰጪ ደረቱ ላይ ካንጠለጠላት የእጅ ሬዲዮ ነበር። እትዬ የባሬላውን የኋላ እጀታዎች እንደጨበጠች ባለችበት ደርቃ ቀረች። ከፊት የያዘው ረጅሙ አንድ እርምጃ ሲራመድ ባሬላው ወደ ኋላ ያዘውና ግማሹ ጠጠር መሬት ላይ ተደፋ።

«ምነው እትዬ? ውጡ እየተባልን እኮ ነው።»

«ማን ናት እሷ?»

«የቷ?»

«አሁን የተናገረችው።»

ረጅሙ ባሬላውን ከነእሷ እየጎተተ ወደ አጥሩ ጥግ አወጣት። ወዲያው ቅድም በቆሙበት ቦታ አናት ላይ በኮንክሪት የተሞላ ትልቅ የብረት ባልዲ አለፈ። ሰው ውስጡ ቢቆም የማይታይበት ባልዲ ነው። ግን አልተወዛወዘም፤ ጠብ ያለም ነገር የለም። ሙሉ ብርጭቆ ሻይ በሰሐን ይዞ እንግዳ ፊት እንደሚያልፍ ሰው ተጠንቅቆ ሄደና አሥራ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ከሚጠብቁት ሠራተኞች መሀል ዝቅ አለ።

«ኦፕሬተሯ ናት» አለ ረጅሙ፣ የፈሰሰውን ጠጠር እየሰበሰበ። «ክሬኑን የምታንቀሳቅሰው። ገና ልጅ እግር ናት ይላሉ።»

እትዬ ቀና አለች። የቀን ሠራተኞቹ ኃላፊ ካቦው ወደዚህ ሥራ ቦታ ያመጣቸው ዛሬ ጠዋት ነው፤ ከገባች ጀምሮ ዓይኗ ከባሬላውና ከእግሯ ሥር ካለው ሚስማር አልተነሳም ነበር። አሁን ቢጫውን የብረት ምሰሶ ከሥሩ ጀምራ በዓይኗ ወጣችው፤ አንገቷ ወደ ኋላ እስኪታጠፍ ድረስ ወጣችው። ጫፉ ላይ የክብሪት ሳጥን የምታክል የመስታወት ክፍል ተለጥፋለች። ከክፍሏ ወደ ፊት የተዘረጋው ክንድ ግቢውን አልፎ አስፋልቱን ይሻገራል።

ድምፁ የልጇ ነበር።

ልጇ ሥራ ስትይዝ የነገረቻት «እቃ የሚያነሳ ማሽን ላይ ነኝ» ብላ ነው። እትዬ ያን ስትሰማ የመጣላት መጋዘን ውስጥ ካርቶን ይዞ ወዲያ ወዲህ የሚል ትንሽ መኪና ነበር። መቀመጫ ያለው መሆኑ፣ ከጥላ ሥር መሆኑ በቂዋ ነበርና ተመስገን ብላ ዝም አለች። ልጅቷ ዝርዝሩን አልነገረቻትም፤ እሷም አልጠየቀቻትም። መጠየቅ ከጀመሩ ደግሞ እሷም የምትመልሰው ይኖራል፤ የደበቀችው ነገር ነበራት።

ከስምንት ወር በፊት ወገቧን ይዟት ሦስት ሳምንት አልጋ ላይ ዋለች። ያኔ ልጇ አጠገቧ ተቀምጣ «ካሁን በኋላ ባሬላ አትነኪም። እኔ እያለሁ አይሆንም» አለቻት። እትዬም «እሺ» አለች። እሺታዋ ሁለት ወር አልሞላም። ሃያ ስድስት ዓመት በራሷ ላብ የኖረች ሴት፣ ለሳሙናም ለታክሲም የልጇን እጅ ማየት አንገበገባት። አንድ ማለዳ ልጇ በሩን ዘግታ እንደወጣች እሷም ተከትላ ወጣች፤ ከሰዓት በኋላ ቀድማት ገብታ፣ ተጣጥባ፣ ልብሷን ለውጣ ጠበቀቻት። እንዲህ እያለች ስድስት ወር ሞላት።

«እዚህ ሰው ታውቂያለሽ እንዴ?» አለ ረጅሙ።

«የለም። ድምፅ ተመሳስሎብኝ ነው።»

ጠጠሩን እንደገና ጫኑና ቀጠሉ። ባሬላ ሁለት ረጃጅም እንጨቶች ላይ የተቸነከረ ሳንቃ ነው፤ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ሆነው ይሸከሙታል። እትዬና ረጅሙ አንድ ባሬላ ሲይዙ አራት ወራቸው ነው፤ እርምጃቸው ተላምዷል። እሱ ረጅም ስለሆነ ሸክሙ ወደ እሷ ያዘነብላል፤ ዳገት ላይ ደግሞ ጭራሽ ደረቷ ላይ ይመጣል። ክፍያ ሲደርስ ግን እሱ ስድስት መቶ፣ እሷ አራት መቶ አምሳ ትቀበላለች። አንድ ጊዜ ካቦውን ጠይቃው ነበር። «ወንድ ከፊት ነው የሚይዘው፤ መንገድ የሚመርጠው እሱ ነው» አላት። በማግስቱ ቀኑን ሙሉ ከፊት ይዛ ዋለች። ሲመሽ አራት መቶ አምሳ ሰጣት። ረጅሙ ሳምንት ሙሉ በዚህ ሲስቅ ከረመ። እሷም አብራው ሳቀች፤ ምን ታድርግ።

ረፋዱ ላይ ለአሥር ደቂቃ እረፍት ሲባል ከምልክት ሰጪው አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ጢሙ የሸበተ፣ ዓይኑን ከላይ የማይነቅል ሰው ነበር።

«ወንድሜ፣ እዚያ ላይ ያለችው ልጅ ቀኑን ሙሉ እዚያው ናት?»

«ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ትወጣለች። ለምሳ ካልሆነ አትወርድም። አንዳንዴ ምሳዋንም በገመድ እንልክላታለን።»

«በምንድን ነው የምትወጣው?»

«በእጅና በእግሯ ነዋ። መሰላል ነው፤ ሊፍት የለውም።»

እትዬ ወደ መስታወቷ ክፍል ቀና አለች። «ጎበዝ ናት?»

ሰውየው ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ከሰማይ አውርዶ አያት። «እኔ በዚህ ሥራ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ከስንቱ ጋር ሠርቻለሁ። ሌላው ሸክም ያነሳል። እሷ ሸክሙን ታባብለዋለች። ባለፈው ወር አራት ቶን ብረት አየር ላይ ይዛ፣ 'ትንሽ ብቻ ዝቅ' ስላት ይህችን ታህል ነው ያወረደችው።» የትንሿን ጣቱን ውፍረት አሳያት። «አሥራ ሦስት ፎቅ ላይ ሆና። ይህችን ታህል።»

እትዬ ጣቱን ትክ ብላ አየችው። ይህች ልጅ በሕፃንነቷ ልክ እንደዚህ ባለ ግንባታ ጥግ፣ በባዶ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ እየተኛች ያደገች ናት። ፎርማን መጣ ሲባል ከአሸዋ ክምር ጀርባ ትደብቃት ነበር። ልጅቷ ነቅታ እንኳ አታለቅስም፤ ጣቷን እየጠባች ከላይ የሚያልፈውን ወፍ ስታይ ትቆያለች። አሁን ከተማው በሙሉ ከጫማዋ ሥር ነው።

«እሷማ ምን አለባት፣ ወርሃዊ ናት» አለ ረጅሙ እግሩን ዘርግቶ። «እዚህ ግቢ ውስጥ ሦስት ዓይነት ሰው ነው ያለው። ዝናብ ሲዘንብ ደመወዙ የማይረጥብ፣ ጫፉ ብቻ የሚረጥብ፣ እንደ እኛ ደግሞ ሙልጭ ብሎ የሚታጠብ።»

ምልክት ሰጪው ሳቀ። እትዬ አልሰማችም። ከላይ ክንዱ ዞሮ፣ ቆሞ፣ ገመዱን ሲያወርድ እያየች ነበር።

አምስት ሰዓት ሲሆን ነፋስ ተነሳ። መጀመሪያ ባዶ ከረጢቶችን አንከባለለ፤ ቀጥሎ በሕንፃው ላይ የተጋረደውን አረንጓዴ መረብ ያርገበግበው ጀመር። በር ላይ ኮንክሪት የጫኑ ሁለት ሚክሰር መኪናዎች ሆዳቸውን እያዞሩ ተራ ይጠብቃሉ።

«ምልክት፣ ይሰማል?» አለ ሬዲዮው። «ነፋሱ እየጨመረ ነው። ይህችን ባልዲ አውርጄ አቆማለሁ።»

ፎርማኑ ከየት መጣ ሳይባል ደርሶ ሬዲዮውን ከምልክት ሰጪው ደረት ላይ ነጠቀ። «ስሚ፣ ሁለት ሚክሰር ቆሞ እየጠበቀ ነው። የቀረን አራት ባልዲ ነው። አራት ብቻ።»

«ጋሼ፣ የነፋስ መለኪያው ሃምሳ ስምንት እያለኝ ነው። ሃምሳ ላይ ማቆም ነበረብኝ።»

«መለኪያውን ተይው። እኔ እዚህ ቆሜ ነፋሱ ኮፍያዬን እንኳ አላነሳውም።»

«እርስዎ መሬት ላይ ነዎት።»

ከሠራተኞቹ አንዱ ሳቁን በሳል አስመስሎ ዋጠ። የፎርማኑ ፊት ጠቆረ። «የሶሌታው ወለል ሙሌት መሀል ላይ ቢቆረጥ ማን ነው የሚጠየቀው? ይህ ሁሉ ኮንክሪት ቢደፋ ማን ነው የሚከፍለው? አንቺ ነሽ?»

ከሬዲዮው የነፋሱ ፉጨት ብቻ ይሰማል። እትዬ በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ስንት ፎርማን እንዳየች አታውቅም፤ ለአንዳቸውም ግን ከ«እሺ» ሌላ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ወገቧ እየተቆረጠ «እሺ» ብላለች፤ ልጇን አሸዋ ጀርባ ደብቃ «እሺ» ብላለች። አሁንም ከንፈሯ ሳታውቀው ተንቀሳቀሰ፤ ልጄ እሺ በይው፣ ይቅርብሽ፣ ልትል።

«አላነሳም፣ ጋሼ» አለ ድምፁ። ከፍ አላለም፣ አልተንቀጠቀጠም። «ከስር ሰው አለ። ሰዓቱን ይያዙልኝ፤ አምስት ከሃያ አምስት ላይ አቁሜያለሁ።»

ፎርማኑ ሬዲዮውን መልሶ ለምልክት ሰጪው ወረወረለትና ወደ ሚክሰሮቹ ሄደ። ክሬን በነፋስ ከቆመ ገላጣ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ሥራ ማቆም አለበት። ካቦው እጁን እያርገበገበ «በቃ፣ በቃ፣ ወደ ምድር ቤት ግቡ» አለ። ሰዉ ባሬላውንና አካፋውን ጥሎ፣ ገና ግድግዳ ወዳልወጣለት ምድር ቤት ገብቶ ከአምዶቹ ሥር ተኮለኮለ።

«ይኸው ቀናችን ተቆረጠ» አለች ሙሽሪት የሚሏት ወጣት፣ ሻሿን አውልቃ እያራገፈች። ካገባች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ስሙ ግን አልለቀቃትም። «ዛሬ ግማሽ ነው የሚከፍሉን። ለእሷ ምን ቸገራት? ነፈሰ አልነፈሰ ወሯን ትበላለች።»

«አራት ባልዲ ምን ነበረበት» አለ ሌላው።

«እሷ ምን ታድርግ» አለች እትዬ በቀስታ።

«ምነው ተከራከርሽላት፣ ዘመድሽ ናት እንዴ?»

እትዬ ከጫማዋ ላይ አቧራውን አራገፈች። ግማሽ ቀኗን የቆረጠችባት ልጇ ናት። ፎርማኑን እምቢ ያለችውም ልጇ ናት። ሁለቱን ምን ላይ እንደምታስቀምጣቸው አጣች።

ከአምዶቹ መሀል ቀና ብላ ስታይ ያ ሁሉ ክንድ ብቻውን መዞር ጀመረ። ማንም ሳያዝዘው፣ በዝግታ፣ ጣሪያዎቹን ሁሉ እየከለለ ዞረ።

የምልክት ሰጪውን ክንድ ያዘችው። «ተሰበረ እንዴ?»

«አልተሰበረም። ፍሬኑን ለቃለት ነው። ነፋስ ሲበረታ አጥብቀሽ ብትይዢው ነው ምሰሶው የሚሰበረው። ትለቂዋለሽ፤ በነፈሰበት ይዞራል። እያት፣ አሁን እየወረደች ነው።»

ከመስታወቷ ክፍል አንዲት ብርቱካናማ ነጥብ ወጣች። በምሰሶው ሆድ ውስጥ፣ ከአንዱ መሰላል ወደ ሌላው እየተሻገረች ትወርዳለች። ሙሽሪትም ወሬዋን አቁማ ታይ ጀመር። ረጅሙም፣ ሌሎቹም አንድ በአንድ ተነስተው አንገታቸውን አወጡ። ነጥቧ እጅ አወጣች፤ እግር አወጣች።

ልጅቷ አጋማሹ ላይ ስትደርስ ነው ትልቁ ነፋስ የመጣው። ከመንገዱ ማዶ አቧራውን እንደ ግድግዳ አቁሞ መጣና ከአጥሩ ቆርቆሮዎች ሁለቱን ነቀለ። አንደኛው እየተገለባበጠ፣ ጠዋት እትዬና ረጅሙ ባሬላ ይዘው በቆሙበት ቦታ አልፎ የአሸዋው ክምር ውስጥ እስከ ወገቡ ተሰካ። ማንም ወደ ቆርቆሮው አላየም። ሁሉም የሚያየው ምሰሶውን ነበር። ልጅቷ የቀበቶዋን መንጠቆ ብረቱ ላይ አያይዛ፣ መሰላሉን አቅፋ፣ ፊቷን ክንዷ ውስጥ ቀብራ ቆማለች። አትወጣም፣ አትወርድም።

እትዬ ቀኝ እጇ የረጅሙን እጅጌ ጨምድዶ እንደያዘ ያወቀችው በኋላ ነው።

ነፋሱ አለፈ። ልጅቷ ቀና አለች፤ መንጠቆዋን ፈታች፤ አንድ ደረጃ ወረደች፤ እንደገና አንድ። ግማሽ ቀን ተቆረጠብን ያለ ሰው ከዚያ በኋላ አልነበረም።

መሬት ስትረግጥ ምልክት ሰጪው ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። እሷ ራሷን ነቅንቃለት፣ ኮፍያዋን አውልቃ፣ ምድር ቤቱ መግቢያ ላይ ወዳለው የውሃ በርሜል መጣች። ጣሳውን ስታነሳ ውሃው ጫማዋ ላይ ፈሰሰ። ያን ጊዜ አንዲት ሴት ጣሳውን ከእጇ ወስዳ ሞልታ ያዘችላት። ልጅቷ ጠጣች፤ አፏን ጠረገች፤ ቀና ስትል ደነገጠች።

«እማዬ?»

«ጠጪ መጀመሪያ።»

«እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» የእናቷን ጫማ አየች፤ ቀጥሎ በጠጠር አቧራ የነጣውን እጇን። መልሱን አልጠበቀችም። «ስንት ጊዜሽ ነው?»

«ስድስት ወር።»

«ስድስት ወር» አለች ልጅቷ። ድምፁ አሁን የኦፕሬተር አልነበረም።

«አንቺስ? እቃ የሚያነሳ ማሽን አይደል ያልሽኝ?»

«ያነሳል እኮ።»

እትዬ ሳትወድ ሳቋ መጣ። ልጅቷም ልትስቅ ሞክራ ዓይኗ እንባ ሞላ። ከአምዱ ሥር ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሙሽሪት ይህን ስታይ አፏን በሻሿ ያዘች፤ ረጅሙ ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ።

«ቁመቱ ስንት ነው?»

«ሃምሳ ሁለት ሜትር።»

«ፈርተሻል ዛሬ?»

«መሰላሉ ላይ ፈርቻለሁ። ግን ይበልጥ የፈራሁት ፎርማኑን ነው።» ልጅቷ ኮፍያዋን ጉልበቷ ላይ አዞረችው። «ውሌ የአንድ ዓመት ነው እማዬ። ሁለት ወር ነው የቀረው። የሚያሳድሰው እሱ የሚጽፈው ወረቀት ነው።»

«ቋሚ አይደለሽም?»

«ቋሚው ወንዝ ማዶ ባለው ግንባታ ላይ የሚሠራው ልጅ ነው። እኔ ነኝ ሥራ ያለማመድኩት። ሦስት ወር እዚያች ክፍል ውስጥ ከጎኔ ቆሞ ነው የተማረው። አሁን እኔ ከማገኘው ሲሶ ያህል ይበልጠኛል።»

እትዬ ለረጅም ጊዜ ምሰሶውን አየች። እስከ ዛሬ ጠዋት እንዲህ ዓይነቱ ነገር የመሬት ነገር ይመስላት ነበር፤ የአካፋና የባሬላ፣ የሻሽና የአቧራ። ያን ያህል መሰላል የወጣ ሰው ትቶት የሚሄድ ነገር ይመስላት ነበር።

«እዚያ ላይም?» አለች።

«እዚያ ላይም።»

«ታዲያ እንዴት ብለሽ እምቢ አልሽው?»

ልጅቷ ትከሻዋን ነቀነቀች። «ከላይ ሲታይ ኮፍያና ሻሽ ነው የሚታየው። ማን እንደሆነ አይለይም። ግን ሰው መሆኑ ይታያል።»

ካቦው ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ይዞ መጣ። «ኑ፣ ፈርሙና ሂዱ። ዛሬ ግማሽ ነው። ነገ እንደተለመደው።» ረጅሙ ፈርሞ ሦስት መቶውን ተቀበለ። ሙሽሪት ፈርማ ሁለት መቶ ሃያ አምስት ተቀበለች። ቀጥሎ ወረቀቱን ለእትዬ ዘረጋላት።

እስክሪብቶውን ያዘች። ስሟን አገኘችው። ከላይ የረጅሙ ስም አለ፤ ከጎኑ ሦስት መቶ።

«እኔና እሱ ስንት ባሬላ ነው የያዝነው?» አለች።

«ምን ማለት ነው ስንት? አንድ ነዋ።»

«ታዲያ ለአንድ ባሬላ ምነው ሁለት ዋጋ?»

ካቦው በስልቹነት ተነፈሰ። «እትዬ፣ ጀመረሽ ደግሞ። ፈርሚልኝ፤ ሰዉ ይሂድ።»

«አልፈርምም።»

ቃሉ ከአፏ እንደወጣ አንድ እጇን አምዱ ላይ አሳረፈች።

«ካልፈረምሽ የዛሬው የለም። ነገም አልጠራሽም፤ ይህን እወቂ። ደግሞ እኔን ምን ታደርጊኛለሽ? ዝርዝሩን የምትሠራው ቢሮ ያለችው ሴትዮ ናት።»

«ቢሮው የቱ ጋ ነው?»

ካቦው በአገጩ በር አጠገብ ያለውን ሰማያዊ ኮንቴይነር አሳያት።

ረጅሙ ገንዘቡን እጁ ላይ እንደያዘ ጠጋ አለ። «እኔ ፈርሜያለሁ እትዬ» አለ፣ ጫማውን እያየ።

«አውቃለሁ። ደግ አደረግህ፤ ልጆች አሉህ።»

ልጅቷ ከአምዱ ሥር ተነስታ ኮፍያዋን አጠለቀች። «አብሬሽ ልግባ።»

እትዬ ዞር ብላ አየቻት፤ ብርቱካናማ ሰደሪያዋን፣ ብረት ይዞ የተላጠውን መዳፏን። ለውሏ የቀራት ሁለት ወር ነው፣ አለች በልቧ።

«አንቺ እዚሁ ሁኚ» አለቻት። «ይኸኛውን እኔ እገባለሁ።»

እስክሪብቶውን ለካቦው መለሰችለት፤ ወረቀቱን ግን አልመለሰችም። ነፋሱ እንዳይወስድባት ደረቷ ላይ ለጥፋ ይዛ፣ ግቢውን አቋርጣ፣ የኮንቴይነሩን ሦስት የብረት ደረጃዎች ወጣችና በሩን አንኳኳች።